መብራት ለሌላቸው ሰዎች መብራት ሲጠፋ

ሥራዬ የተቃጠለ ሞተር መጠምጠም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ፤ የሸዋ ሮቢት የመስኖ ፓምፕ፣ የእንጨት ቤት መጋዝ፣ የብሎኬት ማሽን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወፍጮ ሞተር ይመጣልኛል። መብራት ጠፋ ሲባል ሌላው ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ እኔ «የትኛው መስመር ነው? ሁሉም ፌዝ ነው ወይስ አንዱ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፌዝ የምንለው ኃይሉ ከሚመጣባቸው ሦስት ሽቦዎች አንዱን ነው። ለዓመታት የኖርኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ጥር መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለች አንዲት የገበያ መንደር፣ አንዲት እናት ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ተናገሩ። ለእኔ ብለው አልነበረም፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ከዚያ ወዲህ ሞተር ስፈታም ሽቦ ስጠመጥምም ይመጣብኛል። ለሰው ባወራው «እውነት ነው፣ ያሳዝናል» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከማሳዘን ያለፈ ነገር ያለበት ይመስለኛል፤ ስለዚህ እስከ ሥሩ ልሂድበት።

አንድ ፌዝ የጎደለው ሞተር

ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ባለ ወፍጮው ሞተሩን በአይሱዙ ጭኖ ላከልኝ። ስከፍተው ምን እንደገደለው ለመለየት ጊዜ አልፈጀብኝም። ሞተሩ ውስጥ ሦስት የጥቅል ክፍሎች አሉ፤ ለየፌዙ አንድ። አንደኛው ከስሏል። ሁለቱ ግን ቫርኒሻቸው እንኳ አልጠቆረም። ሞተር እንዲህ አንዱን ክፍል ብቻ ለይቶ ሲቃጠል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፌዝ ጎድሎበት በቀረው ሲጎትት ቆይቷል ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ወደ ገጠር ከተሞች የሚሄደው መስመር በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት በሦስት ሽቦ ይመጣል። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ በየሽቦው ላይ ድሮፕ አውት የምንለው ፊውዝ ተሰቅሏል፤ ሲቃጠል ተላቅቆ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ መሬት ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ሦስቱም ቢወድቁ ሰፈሩ ይጨልማል፣ ሰው ይጮኻል፣ ስልክ ይደወላል። ጣጣው አንዱ ብቻ ሲወድቅ ነው። ያኔ ከትራንስፎርመሩ አሠራር የተነሳ ወደ ቤት ከሚገቡት ሦስት ፌዞች አንዱ እንደ ልቡ ያበራል፣ ሁለቱ ወደ ግማሽ ቮልቴጅ ይወርዳሉ። ሙሉው የደረሰው ቤት ቴሌቪዥኑን ያያል። ግማሹ የደረሰው «ዛሬስ መብራቱ ደክሟል» ብሎ ይተኛል። ማንም አይደውልም፤ ምክንያቱም መብራት አለ።

ወፍጮ ቤት ግን በሦስቱ ነው የሚኖረው። እህል እያደቀቀ ሳለ አንዱ ሲጎድል ያው ሸክም በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ከረንት እየሳበ፣ እያጉረመረመ ይግላል። ቆሞ ከነበረ ደግሞ መነሳት ያቅተዋል፤ ባለበት እያጓራ ይጤሳል። ሊያድነው ይችል የነበረው ኦቨርሎዱ፣ ማለትም ከረንቱ ከልኩ ሲያልፍ ሞተሩን የሚያቆመው መከላከያ ነው፤ እሱን ባለ ወፍጮው እየደጋገመ ስለሚመታበት በሽቦ ቀጥታ አሳስሮታል። አልፈርድበትም። ሰው አህያውን ይዞ ደጁ ላይ ተሰልፎ፣ ከሩቅ የመጣው «ሳይመሽብኝ» እያለ ሲለምን፣ ያን ቁልፍ በየደቂቃው እየተመላለሰ የሚጫን ሰው አላየሁም።

ሞተሩን ጠመጠምኩ፣ ቫርኒሽ አጠጥቼ አደረቅኩ፣ ፌዝ ሲጎድል በራሱ የሚቆርጥ ሪሌ ጨምሬ ይዤው ሄድኩ።

«ቤቴ ገብቶ የማያውቅ»

ጣርማ በር ላይ ከደሴ መንገድ ተገንጥሎ ወደ መንዝ የሄደ ሰው የጥርን ብርድ ያውቀዋል፤ አልተርክለትም። ከአስተርዮ ማርያም በፊት ያለው ገበያ ነበር። ወፍጮው ተበላሽቶ ስለከረመ ሰው እህሉን አጠራቅሞ ነው የጠበቀው፤ ደጁ በአህያ ሞልቷል። ሞተሩን ገጠምኩ፣ ዙረቱን አየሁ፣ በክላምፕ ሜትር ሦስቱንም ፌዝ ለካሁ፤ እኩል ናቸው። ድንጋዩ ዞረ። የመጀመሪያው ገብስ ነጭ ሆኖ ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ። ሥራዬን የምወደው ለዚያች ሰዓት ነው።

ጥቂት ሰው እንዳስፈጨ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ቆመ። ሪሌው ነው ብዬ ሮጥኩ። ሪሌው ደህና ነው። ሦስቱም ፌዝ የለም። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሄዷል።

ባለ ወፍጮው ደወለ። ስልኩን ያነሳው የጥገና ባለሙያ ጨዋ ሰው ነበር፤ አላመናጨቀንም፣ አልዋሸንምም። «ወንድሜ፣ ሁለት ቦታ ነው የተቆረጠብን፤ ያለነው ደግሞ አንድ ቡድን ነን። እዚያኛው መስመር ላይ ደንበኛ ይበዛል። እሱን እንጨርስና ወደ እናንተ እንመጣለን፤ ነገ ይሆናል። እናንተ ጋ እኮ ጥቂት ቆጣሪ ነው ያለው» አለ። ባለ ወፍጮው «እሺ፣ ምን ይደረግ» ብሎ ዘጋው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር፤ የተባለው ነገር ልክ ነው የመሰለኝ።

ቅርብ ያሉት አህያቸውን መልሰው ጭነው ሄዱ። አንዲት እናት ግን ባናቸውን ደርበው ከማዳበሪያቸው አጠገብ አልተነሱም። ዕቃዬን ሰብስቤ ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ ያ መብራት መቼ ነው የሚመጣው?»

«ነገ ነው ያሉን፣ እማ። ከየት ነው የመጡት?»

«ከጓሳ ጥግ። ሌሊት ነው የተነሳሁት።»

«እናንተ ጋ መብራት ገብቷል?»

«ኧረ የለም። ምሰሶም አላየን። ልጄ ያመጣችልኝ ያች በፀሐይ የምትሞላ መብራት አለች፣ እሷን ነው የማበራ።»

«ቀረብ ያለ ወፍጮስ አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ! በናፍጣ የሚሠራ። እዚህ መብራት የገባ ጊዜ ሰዉ ወደዚህ ዞረ፤ ይረክሳል፣ ዱቄቱም ይልማል ብሎ። ሰውየው ደጁ ሲቀዘቅዝበት ሞተሩን ሸጦ ወደ ከተማ ገባ።»

«የእጅ ወፍጮስ?»

«የእናቴ ወፍጮ ደጅ ተጥሎ ዶሮ ውኃ ትጠጣበታለች። መጁ ወዴት እንደገባ እንጃ። ልጆቼ አያውቁበትም፣ እኔ ወገብ የለኝም።»

ዝም አልን። የማርያም ዝክራቸው ቀርቧል፤ ጠላው ተጠምቷል፤ የቀረው እንጀራው ነው። ማዳበሪያውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው ወደ ሜዳው እያዩ፣ «ቤቴ ገብቶ የማያውቅ መብራት ጠፋና እኔ ዱቄት አጣሁ» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። ቁጣም አልነበረበትም፣ ልመናም። ሆኖም በሥራ ዘመኔ ስለ ኤሌክትሪክ ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል ልክ የሆነ ነገር አልሰማሁም። እኛ መብራት ያላቸውና መብራት የሌላቸው ብለን ሰውን ለሁለት እንከፍላለን። ያላቸው ሲጠፋባቸው ያማርራሉ፤ የሌላቸው እስኪገባላቸው ይጠብቃሉ። እኒህ ሴት ግን በሁለቱም በኩል አሉ። መብራት የለዎትም፤ መብራት ጠፋብዎት። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ላይ እውነት ነው።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ይባላል። እርሳቸውን የወሰዳቸው እንዲህ ነው። ማንም መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ኑሮሽ በዚህ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል» አላላቸውም፤ ውል አልፈረሙም፣ ቆጣሪ አላስገቡም። አንድ ቀን የሚረክስ ወፍጮ ተገኘ፤ ሄዱ። ሌላ ቀን የናፍጣው ተዘጋ። በሌላ ቀን መጁ ጠፋ። መመለሻው መንገድ ከኋላቸው አንድ በአንድ ተዘግቶ፣ ሽቦው ብቻ ቀረ።

የእጅ ወፍጮ ናፍቆኝ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ዶሮ ሳይጮኽ ተነስታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ስትፈጭ በዚያ ድምፅ ነው ያደግኩት፤ ወገቧን የጨረሰው እሱ ነው። አንድ ነገር ለሀገሬ ሴቶች ሌሊታቸውን መልሶላቸው ከሆነ ወፍጮ ቤት ነው። ለዚህ ነው መቆሙ የሚከብደው። አምፖል ሲጠፋ ሰው ያመሻል። ወፍጮ ሲቆም ግን ያ የቀረው ሸክም እንዳለ ተመልሶ ሴቲቱ ጀርባ ላይ ይወጣል፤ አሁን ደግሞ መጁም ልምዱም በሌለበት።

ገብሱና ኦሞ

አዳሬ እዚያው ሆነ። የባለ ወፍጮው ሚስት እናትየዋን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ገብሳቸውን ሰፍራ ተቀብላ በልኩ ከራሷ ዱቄት ሰጠቻቸው። «እኔ መብራቱ ሲመጣ አስፈጨዋለሁ» አለች። ሌሊቱን አድረው በማለዳ ጭነው ሄዱ። እኔ ግን እሳቱ ዳር ተቀምጬ ከሞተሩ ሰሌዳ ጋር ስነጋገር አመሸሁ ማለት ይቻላል።

በእያንዳንዱ ሞተር ገላ ላይ የተመታች ትንሽ ሰሌዳ አለች። የዚህኛው 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1,450 ዙር ይላል። 50 የሚለው ሀገሩ ሁሉ የሚሠራበት ምት ነው። ሕዳሴ ግድብ ላይ፣ ጊቤ ሦስት ላይ፣ ተከዜ ላይ፣ በለስ ላይ ያሉት ጄኔሬተሮች ተርባይናቸው ቢለያይም ሁሉም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኃይል ነው የሚያወጡት፤ እርስ በርስ ተያይዘው በአንድ ምት ነው የሚሄዱት። የመንዙ ሞተር መግነጢስ በዚያው ምት በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩ ከኋላው ጥቂት እየዘገየ በ1,450 ይከተለዋል።

እህል ወደ ወፍጮው አፍ ሲወርድ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ከረንቱ ከፍ ይላል። ይህ ጭማሪ በትራንስፎርመሩ፣ በ33 ኪሎ ቮልቱ፣ በማከፋፈያ ጣቢያው፣ በትልልቆቹ ማማዎች አልፎ በዚያው ቅጽበት በሩቅ ያሉትን ጄኔሬተሮች ይከብዳቸዋል። ዙራቸው በማይታይ መጠን ይቀንሳል። ተቆጣጣሪው መሣሪያ ይህን ሲያውቅ ወደ ተርባይኑ የሚገባውን ውኃ ጥቂት ይጨምራል። አንዲት የመንዝ ሴት ገብሷን ስታፈስስ ኦሞ ወንዝ ላይ የውኃ በር በፀጉር ስፋት ይከፈታል። ለማሳመር ያልኩት አይደለም፤ አሠራሩ ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ አይከማችም። የሚከማቸው ግድቡ ውስጥ ያለው ውኃ ነው፤ ኃይሉ ግን በተፈለገበት ሰከንድ መመንጨት፣ በተመነጨበት ሰከንድ መበላት አለበት።

ሚዛኑ ሲዛባ ምቱ ከ50 በታች መውረድ ይጀምራል። ትንሽ ከሆነ ተርባይኖቹ ይደርሱበታል። አንድ ትልቅ ጣቢያ በድንገት ከወጣ ግን ጊዜ የለም፤ መረቡ ራሱን ለማዳን አንዳንድ መስመሮችን በራሱ ይቆርጣል። ያም ካልበቃ ጣቢያዎቹ እንዳይጎዱ እየተከታተሉ ይወጣሉ፣ ሀገር ይጨልማል። ከዚያ ወዲያ ማስነሳቱ ቀስ ተብሎ ነው፤ አንድ የውኃ ጣቢያ ለብቻው ይነሳል፣ ጥቂት ሰፈር ይሰጠዋል፣ ሌላው ይታከልበታል። ሁሉም ቤት ምጣዱን ሰክቶ ከጠበቀ መልሶ ይወድቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ የዓመት በዓል ዋዜማ ላይ አስቡት።

ከላይ በኩል ብዙ ተሠርቷል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ነበር፤ ጊቤ ሦስት 1,870 ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ በ13 ተርባይን 5,150 ሜጋ ዋት። ኃይሉ ሩቅ ሲሄድ በሽቦው ሙቀት እንዳያልቅ ቮልቴጁ ከፍ ይደረጋል፤ ያንኑ ኃይል በዚያው ሽቦ ላይ በእጥፍ ቮልቴጅ ብትልከው ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከሕዳሴ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ኪሎ ቮልት የሆነው። ትልልቆቹ መስመሮች ደግሞ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ቢጎዳ ኃይሉ በሌላው የሚዞርበት ዕድል አለ።

ወደ ታች ሲወረድ ግን ይህ ሁሉ ያበቃል። ከማከፋፈያ ጣቢያው ወደ መንዝ መንደሮች የሚሄደው አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ መዞሪያ የለውም። 5,150 ሜጋ ዋት ይመንጭ፣ ግድቡም ጢም ብሎ ይሙላ፤ የዚያች መንደር ወፍጮ በአንድ ባህር ዛፍ ይቆማል። ስለ ግድቡ ስንደሰት አብሬ ተደስቻለሁ፣ አሁንም ደስታዬ ያው ነው። ነገር ግን እኔ ጋ የሚመጡት ሞተሮች የሚቃጠሉት ሀገሩ ኃይል ስላጠረው አይደለም። የሚቃጠሉት በመጨረሻዋ ምሰሶ፣ በላላ ማሰሪያ፣ በተንጠለጠለ ፊውዝ ነው።

የደሴን መንገድ ይዞ የሚሄደውን ሃይ ቴንሽን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከማማው እግር ሥር የሚያርስ ገበሬ ማታ በኩራዝ ያመሻል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ብዙ ሰው «በላያችን እያለፈ ለምን አይሰጡንም» ይላል፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱ ግን ከባድ ነው። ከ100 ሺህ ቮልት በላይ የሆነን መስመር ለአንድ ቀበሌ ዝቅ ለማድረግ ሙሉ ማከፋፈያ ጣቢያ ይጠይቃል። እኒያ እናት ግን ያነሱት ይህን እንኳ አልነበረም። ሽቦው ቤታቸው ባይደርስም ሕይወታቸው ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

ቆጣሪ የሌለው ሰው

በማግስቱ ቡድኑ መጣ። ሰዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። ያገኙት ነፋስ ያዘመመው ባህር ዛፍ ነው፤ ሽቦዎቹ ላይ ተኝቶ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለውን ብሬከር፣ ችግር ሲኖር መስመሩን በራሱ የሚቆርጠውን፣ አስጥሎታል። ባለቤቱ ቀደም ሲል ቅርንጫፉን እንዲያነሳ ተነግሮት «መስመሩ ለእኔ ምኔ ነው?» ብሎ ነበር አሉ። ቤቱ መብራት የለውም። ዛፉ ግን ጣውላ ሊሆንለት ነው፤ የልጁ የትምህርት ገንዘብ ነው። ባለ ወፍጮው ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ የዚያ ሰው ሚስት ሁልጊዜ የምታስፈጨው እሱ ጋ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገጣጠመልኝ።

የመብራት መቋረጥ በዓለም በብዙ ቦታ የሚለካው በደንበኛ ነው። መብራት የጠፋባቸው ደንበኞች በቆዩበት ሰዓት ተባዝተው ይደመሩና ለጠቅላላው ደንበኛ ይካፈላሉ፤ የሚወጣው ቁጥር አንድ ደንበኛ በአማካይ ስንት ሰዓት እንደጨለመበት ይነግራል። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ባይኖር ይከፋል። በዚህ ስሌት ግን አንድ ወፍጮ አንድ ደንበኛ ነው። አንድ አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ያለው ቤትም አንድ ደንበኛ ነው። ከወፍጮው በስተኋላ ያለው ከየቀበሌው የሚጎርፍ ሰው ዜሮ ነው። ጤና ጣቢያውም አንድ ነው፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት ማቀዝቀዣ የእናቶችን ሁሉ ልጆች ይዞ አንድ ቆጣሪ ነው። የውኃ ፓምፑም አንድ። የስልክ ማማውም አንድ።

የጥገና ባለሙያውን አልወቅስም። አንድ ቡድን፣ ሁለት ብልሽት፤ ወደሚበዛው መሄድ አለበት። ያኛው መስመር ላይም ወፍጮ አለ፣ ጤና ጣቢያም አለ፤ ሁሉም ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮም ምናልባት ያንኑ ይመርጥ ነበር። ሆስፒታል ያለበት መስመር ከሆነ ደግሞ ክርክር የለም፤ ወፍጮው ይጠብቅ። የምለው ሌላ ነው። ያ ሰው ሲመርጥ እጁ ላይ የነበረው ቁጥር እኒያን እናት አልያዘም። ከሚዛኑ ላይ ቀልለው ቢሸነፉ አንድ ነገር ነው፤ ሚዛኑ ላይ አልወጡም። ይህ ሳይታወቅ የሚሠራ ግፍ ነው፤ ክፉ ሰው ስለሌለበት ደግሞ የሚያስቆመውም የለም።

የባህር ዛፉ ባለቤትም በዚያው ስሌት ነው የተናገረው። እናንተ ካልቆጠራችሁኝ መስመሩ የእኔ አይደለም። በመብራት ሂሳብ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ በመብራት ጥበቃ ውስጥም የለም። የማማ ብረት ፈትቶ የሚሸጠውን ሌባ አይቶ ዝም የሚለውም ሰው እንዲሁ የሚያስብ ይመስለኛል። ሌባውን ሳይሆን ዝም የሚለውን ነው የምለው።

መንዝ ይህን ማወቅ አያቅተውም። ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር ምድር እዚያው ነው ያለው። አያቶቻችን ያን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጠብቀው አቆይተውታል፤ ለዓመታት ይዘጋ፣ ጠባቂ ይመረጥለት፣ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነው ቀን ለባለ መብቱ ሁሉ ይከፈት ነበር። መነሻው ምድሩን መጀመሪያ ያቀኑት የአስቦና የጌራ ድርሻ ነው፤ ትውልዱ ሁሉ ድርሻውን ያውቅ ነበር። ያልተፈቀደ ሰው ሲያጭድ ያየ ገበሬ ይጮኽ የነበረው ሣሩ የመንግሥት ስለሆነ አይደለም፤ ከእሱ ጣራ ክዳን ላይ የሚጎድል ስለሆነ ነው። ሽቦውም እንደዚያ ነው። ያ ገበሬ «ይህ መስመር የሚስትህ ዱቄት ነው» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ቅርንጫፉን ራሱ ያወርደው ነበር ብዬ አምናለሁ። የተነገረው ግን «ይህ መስመር አደገኛ ነው፣ ዛፍህን አንሳ» የሚል ነው።

የሚቀመጠው ዱቄት ነው

ተመልሼ ስመጣ ብዙ ያብሰለሰለኝ የባለ ወፍጮው ሚስት ያደረገችው ነው። ገብስ ተቀብላ ዱቄት ሰጠች። ለእሷ የእንግዳ ወግ ነው፤ እኔ ግን በሙያዬ ዓይን ሳየው ትልቅ ነገር ሆነብኝ። ኤሌክትሪክ አይቀመጥም፤ የሠራው ሥራ ግን ይቀመጣል። ሌሊት፣ ምጣዱም ስቶቩም ሲያርፍ፣ ቮልቴጁ ደህና ነው፤ ሞተሩም ይደላዋል። ያኔ የተፈጨ ዱቄት ቀን መስመሩ ሲሄድ ይበላል። ባትሪ አላስፈለገም፣ ጀኔሬተርም አላስፈለገም።

ለባለ ወፍጮው ደውዬ ይህን አወራሁት። ቀላል እንዳልሆነ ነገረኝ። ሰው የራሱን እህል ነው የሚፈልገው፤ ገብሱ ከገብስ ይለያል፣ አንዱ አበጥሮ አጥቦ ያመጣል፣ ሌላው ከነጠጠሩ። ለጸበል ለዝክር የሚሆን ደግሞ በዓይን ካላዩት አይሆንም። ዱቄቱም ቢቆይ ይነቅዛል። ቢሆንም ለቸገረው ሰው የሚሆን ጥቂት ማዳበሪያ ሁልጊዜ ፈጭቶ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ የሚለውጠውም ገብሱን አይቶ ነው። አንዳንዴ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ።

ደብተር እንዲይዝም ለመንኩት። ከማን ስንት ተቀበልኩ የሚለውን ቀድሞም ይጽፈው ነበር፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያስጨመርኩት፦ ከየት መጡ፣ መንደራቸው መብራት አለ ወይ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሲያነብልኝ አብዛኛው «የለም» ነው። መስመሩ ጥቂት ቆጣሪ አለው የተባለው እውነት ነው፤ በዚያ መስመር የሚበላው ሰው ግን ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ወፍጮ ያላችሁ፣ ከሞረት እስከ ኤፍራታ፣ ከተጉለት እስከ ምንጃር፣ ይህን ካነበባችሁ እነዚያን ሁለት መስመሮች ደብተራችሁ ላይ ጨምሩ። ስም አያስፈልግም፤ ቀበሌና «አለ» ወይም «የለም» ይበቃል። ሞተር ስታመጡልኝ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ አምጡልኝ፤ ለየአንዳንዱ መስመር ለብቻው ሰብስቤ ቅርንጫፍ የሚያጠራውና ፊውዝ የሚቀይረው ቡድን እጅ እንዲገባ አደርጋለሁ። ኦቨርሎዱንም ቀጥታ አታሳስሩት፤ እየመታ ካስቸገራችሁ ፌዝ እየጎደለ ሊሆን ይችላልና ወጥታችሁ ወደ ትራንስፎርመሩ ቀና በሉ፣ የተንጠለጠለ ካለ ደውሉ፣ ቤታችሁ መብራት ቢኖርም።